ንኩና ተናገሩ

መስከረም 18

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ፈጣሪ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሥራዎ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እናትዎ እትዬም ደህና ናቸው፤ ልጽፍልዎ መሆኑን ስነግራቸው «አታስረዝሚበት፣ ሥራ ይፈታል» ብለውኛል። የእኔንና የእርስዎን ዝምድና አሁንም ለጎረቤት በጣታቸው እየቆጠሩ ሲያስረዱ መሐሉ ላይ ይጠፋባቸውና «ብቻ ሥጋችን ናት» ብለው ይዘጉታል። መደወልም አስቤ ነበር። ግን እኔ ስልክ ስይዝ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አይወጣኝም፤ እስክሪብቶ ስይዝ ደግሞ የሚያስቆመኝ የለም።

የላኩልን ሰው የሚያክል የልምምድ አሻንጉሊት በሰላም ደርሷል። ሣጥኑን ስንከፍት ከመካከላችን አንዷ ሬሳ መስሏት እሪ ብላ መተላለፊያውን ለቅሶ ቤት አስመሰለችው። አሁን ለምደነዋል፣ «አለቃ» ብለን ስም አውጥተንለታል። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፣ ሰው ሁሉ በዙሪያው ይሯሯጣል። የአንሶላ ማከማቻ የነበረውን ክፍል ለቀውልን፣ መደርደሪያውን አውጥተን፣ አንድ እግሩ የማይቆለፍ አልጋ አስገብተን እሱ ላይ አስተኝተነዋል።

እንደሚያውቁት፣ የተመረጥነው ነርሶች በዓመቱ መጨረሻ ፈተናውን ካለፍን ከፍተኛ ደረጃ የድንገተኛ ነርስ እንባላለን። ድንገተኛ ክፍል የገባን ሰው ሐኪም እስኪመጣ ሳንጠብቅ መርምረን፣ ወስነን፣ ሕክምና መጀመር ይፈቀድልናል። ይህን ፈቃድ ምን ያህል እንደምፈልገው እንዴት ብዬ ልንገርዎ። ሰው ዓይኔ እያየ ሲደክም እጄን አጣምሬ በር በር ማየት አንገፍግፎኛል።

ችግራችን ዕቃ ነው። የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ለልምምድ ኦክስጅንና መድኃኒት ብንጠይቀው «ለአሻንጉሊት ኦክስጅን? ነገ ደግሞ ምሳ ትሉኛላችሁ» ብሎ መለሰን። አልፈርድበትም፣ ለሰውም አይበቃንም። እርስዎ ይህን ሥራ ስንት ዘመን ያስተማሩ ነዎትና መላ ይምቱልን። ጊዜው ያለፈበት ጓንት፣ መርፌ፣ ማስክ ካገኙም ይላኩልን።

እትዬ ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቆም ይላሉ። ተመርመሩ ብላቸው «የደረጃው ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አሉኝ።

አክባሪዎ

ጥቅምት 25

ለእህት ዓለም፣

ካለሁበት ሆኜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እጅሽን ይባርከው፣ ዓይንሽን አያፍዝዘው፤ ለነርስ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አላውቅም።

አለቃ መባሉ አስቆኛል። እኛ ዘንድ በነበረ ጊዜ ብዙ ተማሪ አስለቅሷል። ከማስተማሪያ ክፍላችን መስታወት ጀርባ ሆኜ ድምፅ የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ «ደረቴን ደረቴን» እያልኩ ስቃትት አንዱ ተማሪ አባቱ ትዝ ብሎት ክፍሉን ጥሎ ወጥቷል።

ስለ ዕቃው አትጨነቂ። እኛም ጋ ዕቃ ከሰማይ አይዘንብም። ለዚህ ያለን ዘዴ «ንኩና ተናገሩ» ይባላል። ብልቃጡን መስበር አያስፈልግም፤ ትነኪዋለሽ፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ጮክ ብለሽ ትናገሪያለሽ፣ አጠገብሽ ያለው ይደግመዋል። የኦክስጅኑን መክፈቻ ትነኪና «ኦክስጅን ተከፍቷል» ትያለሽ፣ ሌላው «ተከፍቷል» ይላል፣ ወደሚቀጥለው ታልፊያለሽ። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። እጅሽ መንገዱን ይልመድ፣ አፍሽ ቃሉን ይልመድ፤ የቀረው ሕመምተኛ ፊትሽ ሲመጣ በራሱ ይመጣል። ለንብረት ክፍሉ ኃላፊም ከአሁን በኋላ አንድ ጠብታ እንደማትነኩበት ንገሪው፣ ደስ ይበለው።

የእናቴ በደረጃ መሐል መቆም አላማረኝም። በስልክ ስጠይቃት «አንተ ደህና ከሆንክ እኔ ምን እሆናለሁ» ትለኛለች፣ አይዞሽ እላታለሁ፣ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ብትታመም ከአንቺ እጅ እንዳትወጣ። ከማንም በላይ የማምነው አንቺን ነው።

ዕቃውን በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 30

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤትዎ ሰላም፣ እንቅልፍዎ ጤናማ ይሁን። የላኳቸው ማስኮች ደርሰዋል፤ ከሥራቸው የላስቲክ ከረጢት የምትንጠለጠለው ዓይነት ናቸው፣ ድንገተኛ ክፍልም የምንጠቀመው ይህንኑ ስለሆነ በጣም ጠቅመውናል።

ዘዴዎ ሕይወት ዘራብን ልበልዎ? በየቀኑ ከፈረቃ በፊት አለቃን እናክመዋለን። እንነካለን፣ እንናገራለን፣ እንደግማለን። መጀመሪያ ላይ በሳቅ እየፈረስን ነበር፣ አሁን ግን እንደ ዜማ ሆኗል። ዋናው ሐኪም አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ አይቶን «ከእኔ ይልቅ እናንተ ትፈጥናላችሁ» አለ። ከሁሉም ፈጣኗ ማን እንደሆነች ራሴን ላለማወደስ አልነግርዎትም።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊም ቢሆን ተሸንፏል። ሊሰልለን መጥቶ ቁጭ ብሎ ቀረ። አሁን የሕመምተኛ ቤተሰብ ሆኖ ይጫወትልናል፤ «ወንድሜን አድኑልኝ» እያለ አለቃ ላይ ሲወድቅ አንዳንዴ ማስቆም ያቅተናል።

እትዬም ሊያዩን መጥተው ነበር። አለቃን ካላየሁት ብለው አንገቱን፣ ክንዱን ደባብሰው ሲያበቁ «ይህ አይናገር፣ አይቆጣ፤ እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ከየት ታገኛላችሁ?» አሉን። ሁላችንም ሳቅን። ምርመራውን ግን እምቢ እንዳሉ ናቸው፤ እኔም ጉትጎታዬን አልተውኩም።

ፈተናው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው ተብለናል። ይጸልዩልኝ።

አክባሪዎ

መጋቢት 9

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

እትዬ ታመው ድንገተኛ ክፍል ገብተው ነበር። ልባቸው ደክሞ ሳምባቸው ውኃ ይዞ ነበር። አሁን ተሽሏቸው ቤታቸው ገብተዋል፣ መድኃኒትም ጀምረዋል። እንዳይደነግጡ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ምንም አይላኩ። የሚያስፈልገን ነገር የለም።

አክባሪዎ

ሚያዝያ 2

ለእህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። እናቴን ጠብቆ ላቆየልኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።

ደብዳቤሽን እንዳገኘሁ ደወልኩላት። «ተሽሎኛል፣ ልጅቱ አዳነችኝ» አለችኝና ስልኩን ለጎረቤት አቀበለቻት። ጎረቤቷም ታመሰግንሻለች። ሰዉ ሁሉ ያመሰግንሻል። አንቺ ብቻ ነሽ ምንም የማትይው።

አንቺ ስለ አንድ አልጋ እግር ግማሽ ገጽ የምትጽፊ ሰው ነሽ። እናቴ ሞት አፋፍ ደርሳ ስትመለስ ግን አምስት መስመር ጻፍሽልኝ። ስለ ልምምዱ ክፍል አንድ ቃል የለም፣ ስለ ፈተናው የለም፣ ዕቃም አልፈለግሽም። ዕድሜዬን ሙሉ የነርስ ሪፖርት ሳደምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መሐሉ የተዘለለ ሪፖርት ገና ሲጀመር ይገባኛል። ምን ሆና መጣች? ምን አደረጋችሁ? በቅደም ተከተሉ ንገሪኝ፣ ክፉም ቢሆን።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 27

ለተከበሩ ጋሼ፣

ፈጣሪ ልብዎን ያጽናልኝ። ይህን ካነበቡ በኋላ ለእኔ የሚተርፍ ሰላምታ ካለዎት እቀበላለሁ።

ከምሳ በኋላ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ደግፈው አመጧቸው፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነበርና እስኪመጣ ለነርስ የተፈቀደውን የመጀመሪያ እርዳታ እኔ መራሁ። አልጋው ላይ ቀና አድርገን አስቀመጥናቸው፣ ማስኩን አጠለቅኩላቸው፣ እጄን ወደ ኦክስጅኑ መክፈቻ ሰደድኩ፣ «ኦክስጅን ተከፍቷል» አልኩ። ባልደረባዬ «ተከፍቷል» አለች። ሌላዋም ጻፈችው። ቀጠልኩ።

አልከፈትኩትም፣ ጋሼ። ነክቼ ተናገርኩ።

ጣታቸው ላይ ያለው መለኪያ መውረድ ጀመረ። እኛ ሦስታችንም ከሕመሙ የተነሳ መሰለን። የከፋውን ሁሉ ማሰብ ጀመርን፤ ልባቸው ይሆን፣ የደም መርጋት ይሆን እያልን ስንሯሯጥ እትዬ ማስኩን ከፊታቸው አነሱት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይወናበዳል፣ ማስክ ያወልቃል ተብለን ተምረናል፤ እኔም ሌሎቹን እንደዚያ ብዬ አስተምሬአለሁ። መለስኩላቸው። እንደገና አነሱት። «አየር የለውም» የሚል ነገር አጉረመረሙ። «አይዞዎት እትዬ፣ ይረዳዎታል» አልኳቸውና ሁለት እጃቸውን ይዤ፣ ማስኩን ፊታቸው ላይ ጫንኩት። ታገሉኝ። እኔ ጠንካራ ነኝ፣ አሸነፍኳቸው።

ሲያፍናቸው የነበረው ማስኩ ነበር፤ ማስኩን የያዝኩት ደግሞ እኔ።

ከማስኩ ሥር የምትንጠለጠለው ከረጢት አየር ሲገባባት ትነፋለች። ያን ቀን ግን ተጣጥፋ፣ ጠፍጣፋ ሆና ደረታቸው ላይ ተኝታለች። ዓይኔ ስንት ጊዜ እዚያ ላይ እንዳረፈ አላውቅም፤ ምንም አልከበደኝም። ምክንያቱም አለቃ ላይ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ ናት። ለእኛ ትክክለኛ መልኳ ያ ሆኖ ነበር። ደረታቸውን ላዳምጥ ጎንበስ ስል ከረጢቷ ጉንጬን ነካችኝ፣ ቀዝቃዛና ባዶ። ያኔ ነው የገባኝ። ተወርውሬ ከፈትኩት። ከረጢቷ ተነፋች፤ እትዬም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

ለነርሶች ኃላፊዋና ለዋናው ሐኪም በዚያው ቀን ተናግሬአለሁ። ሐኪሙ በመናገሬ አመሰገነኝ። የልምምዱን ክፍል ቆልፌዋለሁ። ፈተና እንደማልቀመጥም አሳውቄአለሁ። ያን ፈቃድ በምን ፊቴ እጠይቃለሁ?

እትዬ ምንም አያውቁም። ለሰፈሩ ሁሉ «አዳነችኝ» ብለው አውርተው መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ እጄን ይስመኛል። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ እጠይቃቸዋለሁ። ቁጭ እላለሁ፣ ሳልነግራቸው እነሳለሁ። እውነቱን ልንገራቸው ወይስ ልተዋቸው? እርስዎ ይፍረዱ።

አክባሪዎ

ሐምሌ 3

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልሴ መዘግየቱን አውቃለሁ። የፖስታ ጥፋት አይደለም።

መጀመሪያ የጻፍኩልሽን ቀድጄዋለሁ፤ ባየሽው ኖሮ ዳግመኛ አትጽፊልኝም ነበር። ተናድጄብሽ ነበር። እናቴን እጇን ይዘሽ፣ እሷ አየር የለውም እያለችሽ፣ አንቺ አይዞዎት ስትያት በየቀኑ ይታየኝ ነበር። ይህን ልደብቅሽ አልችልም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ማስተማሪያ ክፍላችን ገብቼ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀመጥኩ። ጎበዝ ቡድን ነበር። ማስኩን አጠለቁ፣ መክፈቻውን ነኩ፣ «ተከፍቷል» አሉ፣ ደገሙ። ከረጢቷ ጠፍጣፋ። ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተኝ። ልምምዱ ሲያልቅ ገብቼ «በሽተኛችሁ ላይ ያልተስተካከለ ነገር ምንድን ነው?» አልኳቸው። አሻንጉሊቱን ዞሩት፣ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የመድኃኒቱን መጠን ተናገሩ። ከረጢቷን ያነሳ ሰው የለም። እኔም ራሴ እስከዚያ ቀን ድረስ አላየኋትም ነበር።

ይህን ዘዴ ያስተማርኳቸው ሰዎች ዛሬ በየሆስፒታሉ ናቸው። በስንት ሰው ፊት ላይ ምን እንደያዙ የማውቅበት መንገድ የለም። አንቺ ነገርሽኝ፤ ሌሎቹ ወይ አላወቁትም፣ ወይ አልተናገሩም። በአስተማሪዎቹ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። በሽተኛዋ እናቴ መሆኗንም ነገርኳቸው። አሁን ከአሻንጉሊቱ ሥር ከመክፈቻው ጋር የተያያዘ ተራ የአየር መንፊያ ገጥመናል፤ መክፈቻው በእርግጥ ካልተከፈተ ከረጢቷ አትነፋም፣ ልምምዱም አይቀጥልም። «ንኩና ተናገሩ» ቀርቷል።

አንቺም ክፍሉን ክፈቺ። መንፊያ ፈልጊና ግጠሚ። ፈተናውንም ተቀመጪ፤ አይ ካልሽ በአንቺ ቦታ የሚቆመው ይህ ነገር ያልደረሰበት ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ እሱን አላምነውም። ይቅር ብዬሻለሁ ወይ ብትይኝ፣ ገና አላውቅም። ግን አምንሻለሁ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅኩት አሁን ነው።

ለእናቴ ንገሪያት። ማወቅ መብቷ ነው። አንቺው ንገሪያት፤ እኔ በስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንልኝም።

ወንድምሽ

ነሐሴ 22

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ደጅዎ በደስታ ይከፈት፣ የሚሰሙት ሁሉ መልካም ይሁንልዎ።

ክፍሉ ተከፍቷል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ፍራሽ የሚነፋበትን መንፊያ ከቤቱ አምጥቶ ከአለቃ ሥር ገጠመልን። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ አጠገባችን ያለው የካርድ ክፍል ከስሶናል። ሌላም ነገር ጨምረናል፤ ኃላፊው ቤተሰብነቱን ትቶ ራሱ አልጋው ላይ ይተኛና በመሐል ማስኩን ያወልቃል። እጁን የሚይዝ ነርስ ልምምዱን ከመጀመሪያው ይደግማል። ቆም ብሎ «ምን ሆኑ?» ብሎ የጠየቀና መሣሪያውን ያየ ያልፋል። መጀመሪያ ቀን ያላስደገመው ሰው አልነበረም። እኔም ፈተናውን እቀመጣለሁ፣ የፊታችን ሰኞ ነው።

እትዬን ነግሬአቸዋለሁ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ሲፈለፍሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መክፈቻውን እንደ ልምምዳችን ነክቼ መናገሬን እንጂ አለመክፈቴን፣ አየር የለውም ሲሉኝ አለማመኔን፣ እጃቸውን መያዜን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጥጡን ከጭናቸው ላይ አራገፉና «አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?» አልኳቸው።

«እጄን የያዝሽው አንቺ መሆንሽን ነዋ። ታምሜ ነበር እንጂ አልታወርኩም። ፊትሽ ከፊቴ ይህን ያህል ነበር። አየር የለውም አልኩሽ፣ አይዞዎት አልሽኝ። በኋላ ደግሞ ሮጠሽ አንድ ነገር ስትጠመዝዢ አየሁ፣ አየሩም መጣ። ይህን ለማወቅ ትምህርት ያስፈልገዋል እንዴ?»

«ታዲያ ለሰፈሩ ሁሉ አዳነችኝ ያሉት?»

«አድነሽኛላ። ሌላውን ማውራት የአንቺ ድርሻ ነው፣ የእኔ አይደለም። በየቀኑ ስትመጪ ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ነበር በር የምከፍትልሽ። ቁጭ ትያለሽ፣ ግድግዳ ታያለሽ፣ ትሄጃለሽ። አሁንስ ሞቼ ለሬሳዬ ልትነግሪ ነው እያልኩ ነበር።»

ከዚያ አለቀስኩ። እርሳቸው አላለቀሱም፣ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ተቆጥተውኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እጄን በመያዝሽ ተቆጥቼ ነበር። መክፈቻውን የረሳሽው ደርሶብሽ ነው» አሉኝ። ቀጥለው ግን ፊታቸውን አዙረው «ነክቶ መናገር ያልሽውን ነገር ከየት ተማርሽው?» አሉ።

ጋሼ፣ መልስ አልሰጠኋቸውም። ከራሴ አመጣሁት እንዳልል ውሸት ከዚህ ወዲያ ከአፌ አይወጣም። ከእርስዎ ነው እንዳልል ደግሞ ልሳኔ አልታዘዘኝም። እትዬም አየት አደረጉኝ፤ ያን አስተያየታቸውን ያውቁታል። ደግመው አልጠየቁኝም። ጥጣቸውን አንስተው «ልጄ የሚያስተምረው ይህንኑ አይደል?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ስሄድ ስለ እርስዎ ያነሱልኛል። ትንሽ ሳሉ ዕቃ ሲሰብሩ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲዞሯቸው ይውሉ እንደነበር፣ እርሳቸውም ስባሪውን ጠርገው ምንም እንዳላዩ ሆነው ማታ እስኪነግሯቸው ይጠብቁ እንደነበር ነገሩኝ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ትናንት ግን አልሳቁም፤ «ደወለ?» ብለው ጠየቁኝ፣ የሚደውሉት ለእርሳቸው መሆኑን እያወቁ።

የእኔን ድርሻ ነግሬአቸዋለሁ። የእርስዎን እኔ ልናገርልዎ አልችልም። እናትዎ እየጠበቁ ነው።

አክባሪዎ